ስኪ ላይ ሆኖ ካርታ ማንበብ፦ በራስ የሚመራ የስኪ ኦሪየንቲሪንግ ከመነሻ እስከ መድረሻ

ስኪ ኦሪየንቲሪንግ ባጭሩ ይሄ ነው። ካርታ ትይዛላችሁ። ካርታው ላይ ቁጥር የተሰጣቸው ጣቢያዎች አሉ። በስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰረው ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ እየተንሸራተታችሁ ጣቢያዎቹን ታገኛላችሁ፣ መድረሳችሁን ታስመዘግባላችሁ፣ ወደ መድረሻው ትመለሳላችሁ። በየት በኩል እንደምትሄዱ ግን የሚነግራችሁ የለም። ጨዋታው እሱ ነው።

ትልቁ ውድድር ረጅም ዕድሜ አለው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1975 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ ሂቪንካ ላይ ተካሂዷል። በ2011 እ.ኤ.አ. ካዛክስታን ባዘጋጀችው የእስያ የክረምት ጨዋታዎችም ላይ ነበር። ክረምት ኦሊምፒክ ውስጥ ግን ገና አልገባም። እዚህ የምናወራው ስለ ዋንጫ አይደለም። አንድ ክለብ ወይም የስኪ ማዕከል ምልክቶቹን ለተወሰኑ ሳምንታት ዛፍ ላይ ይሰቅላል፣ ወይም ጣቢያዎቹን ስልክ ውስጥ ብቻ ያስቀምጣል። እናንተ በፈለጋችሁት ቀን ትሄዳላችሁ። ዳኛ የለም፣ የመነሻ ተኩስ የለም፣ ከኋላ የሚያሳድድ የለም።

ምን ያህል ስኪ መቻል ያስፈልጋል? ጎበዝ መሆን አይጠበቅባችሁም። ሜዳ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍጥነት መቀነስና በፈለጋችሁበት መቆም ከቻላችሁ ይበቃል። መቆሙ ላይ ጠበቅ የማደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐሳባችሁ ካርታው ላይ ሲሆን እግራችሁ ራሱን ችሎ መሥራት አለበት። መቆም የማይችል ሰው መጋጠሚያውን አልፎት ይሄዳል፣ ካልሆነም ሰው ላይ ይወጣል። ስለዚህ ገና ጀማሪ ከሆናችሁ መጀመሪያ ስኪውን ብቻ ተለማመዱ። ካርታው የትም አይሄድም።

1. የኮርሱን ዓይነት እወቁ

ኮርስ የምንለው አዘጋጁ በጣቢያዎቹ የሠራውን ጉዞ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በቅደም ተከተል የሚኬድ ነው፤ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3። ካርታው ላይ ጣቢያዎቹ በቀጥታ መስመር ተያይዘው ታያላችሁ። መስመሩ ቅደም ተከተሉን ነው የሚያሳየው። መንገድ ነው ብላችሁ እንዳትከተሉት።

ሁለተኛው በነጥብ የሚኬድ ነው። ጣቢያዎቹ እዚህም እዚያም ተበትነዋል፣ እያንዳንዱ ነጥብ አለው፣ የተሰጣችሁ ሰዓት ደግሞ የተወሰነ ነው። በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል የቻላችሁትን ያህል ትሰበስባላችሁ። ካረፈዳችሁ ነጥብ ይቀነሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በቅደም ተከተል የሚኬደውን፣ አጭሩን ምረጡ። ሁለተኛው ነጻነት ያለው ይመስላል፣ ግን ከመነሻው ላይ ብዙ ውሳኔ ይጠይቃል።

የአመዘጋገቡ መንገድም ይለያያል። የተለመደው የኦሪየንቲሪንግ ምልክት ብርቱካናማና ነጭ የሆነ፣ ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሦስት ገጽ ጨርቅ ነው። በራስ በሚመራ ኮርስ ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ካርድ ነው የምታገኙት፤ ላዩ ላይ ፊደል ወይም ቁጥር ይኖራል፣ እናንተም መልስ ወረቀታችሁ ላይ ትጽፉታላችሁ። አንዳንዱ ጋ በስልክ ካሜራ የሚነበብ ኪውአር ኮድ አለ። አንዳንዱ ጋ ደግሞ መሬት ላይ ምንም ነገር የለም። እንደ ማፕራን ወይም የኖርዌዩ ኡሲንሊግ ኦ ያለ መተግበሪያ በጂፒኤስ ይከታተላችኋል፣ ቦታው ላይ ስትደርሱ ስልኩ ድምፅ ያሰማል።

መተግበሪያ ከሆነ ኮርሱን ቤታችሁ ሆናችሁ አውርዱት። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ማውረድ ግን ያለ ኔትወርክ አይሆንም፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ማፕራን መነሻው ላይ ስትደርሱ ሰዓቱን ራሱ ያስጀምራል፣ መድረሻው ላይ ራሱ ያቆማል። መነሻና መድረሻ አንድ ቦታ ከሆኑ በመሃል በዚያ በኩል ማለፍ ጉዞውን ሊዘጋባችሁ ይችላል። መንገድ ስትመርጡ ይሄንን አስቡበት።

2. ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መንገዱ ጠይቁ

ኮርሱ ነጻ ነው ማለት መንገዱ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ብዙ የስኪ ማዕከላት የመግቢያ ክፍያ አላቸው። መንገዶቹ በማሽን ተስተካክለው እንደሆነ፣ የተዘጋ ካለ፣ ማዕከሉ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ቀድማችሁ አጣሩ። ከሁሉም በላይ ባለ አንድ አቅጣጫ መንገዶች የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቁ። የኦሪየንቲሪንግ ካርታ ይሄንን ላያሳይ ይችላል፤ የማዕከሉ የራሱ ካርታ ግን ያሳያል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቀስቱን ወደ እናንተው ካርታ በእርሳስ ገልብጡ። በተቃራኒ አቅጣጫ ዳገት ስትወጡ ከላይ የሚወርድ ሰው ጋር መጋጨት ቀልድ አይደለም።

የኮርሱን ርዝመትም በጥርጣሬ ተመልከቱት። 5 ኪሎ ሜትር የሚለው በጣቢያዎቹ መካከል በቀጥታ መስመር የተለካ ሊሆን ይችላል። በመንገድ ሲኬድ ከዚያ ይበልጣል። ካርታ ሳታነቡ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የምትሄዱ ከሆነ፣ ካርታ እያነበባችሁ 5 ወይም 6 ብላችሁ ያዙ። ይሄንን ሒሳብ ጀምበር ከምትጠልቅበት ሰዓት ጋር አስተያዩት።

3. ዕቃ

የምታውቁትን ስኪ ያዙ። ተወዳዳሪዎች ባብዛኛው በስኬቲንግ ስኪ፣ እግርን ወደ ጎን እየከፈቱ በሚገፉበት ዓይነት፣ ነው የሚሄዱት፤ ጠባብ መንገድ ሲገጥማቸው በሁለቱም ዱላ እየገፉ ያልፋሉ። ለጀማሪ ግን ሁለቱ ስኪዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው የሚሄዱበት ክላሲክ፣ በተለይ ከሥሩ ሰም መቀባት የማይፈልገው ዓይነት፣ በጠባቡም በሰፊውም ይሄዳል።

ካርታው የት ይቀመጣል የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። ሁለቱም እጃችሁ ዱላ ይዟልና። ተወዳዳሪዎች ደረታቸው ላይ የሚታሰር፣ ካርታውን ይዞ የሚሽከረከር ሰሌዳ አላቸው። መግዛት አይጠበቅባችሁም። ጠንካራ ካርቶን ላይ ካርታውን ለጥፉና ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ከትታችሁ በገመድ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት። ሁለተኛ ገመድ በወገባችሁ ዞሮ ይሰረው፤ ያለዚያ ቁልቁለት ላይ እየተነሳ ፊታችሁን ይመታል። ኪስ ውስጥ የገባ ካርታ አይነበብም። ማውጣቱ ስለሚታክት ሰው ሳያየው ሦስት መጋጠሚያ ያልፋል።

ካርታውን ራሳችሁ ፕሪንት የምታደርጉት ከሆነ ሁለት ነገር አትርሱ። መጠኑ 100% ይሁን፤ ማተሚያው ገጹን ለማስማማት ካሳነሰው ስኬሉ (ካርታው መሬቱን ስንት ጊዜ እንዳሳነሰ የሚነግረው ልኬት) ይበላሻል፣ በማስመሪያ የምትለኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። ከተቻለ ደግሞ በሌዘር ፕሪንተር ይታተም፤ የሌላው ቀለም በረዶ ሲነካው ይፈሳል። መልስ ለመጻፍ እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ በብርድ ሥራ ያቆማል።

ኮምፓስ ያስፈልጋል። አውራ ጣት ላይ የሚታሰረው ወይም ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ይመረጣል። ስልካችሁን ከኮምፓሱ አርቁት፤ መርፌውን ያሳስተዋል። ስልኩ ከውስጥ፣ ከሰውነታችሁ ጋር በተጠጋ ኪስ ውስጥ ይግባ። ብርድ ባትሪውን ሳታስቡት ይጨርሰዋል፤ ግማሽ ቻርጅ እያሳየ ድንገት ሊጠፋ ይችላል።

ልብስ ደረብ ደረብ ያለ ይሁን። ከውስጥ ሱፍ ወይም ላብ የሚያደርቅ ልብስ፣ ከላይ ነፋስ የሚከለክል ስስ ጃኬት። ጥጥ አትልበሱ፤ ላቡን ይዞ ያቀዘቅዛል። እዚህ ላይ ኦሪየንቲሪንግ ከተራ ስኪ ይለያል። በየመጋጠሚያው ስለምትቆሙ ላባችሁ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ አንድ ወፍራም ልብስ፣ ትርፍ ጓንት፣ ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ፣ የሚበላ ነገርና ትኩስ መጠጥ በፔርሙዝ ይኑር።

4. ካርታውን ቤት ሆናችሁ አንብቡት

የስኪ ኦሪየንቲሪንግ ካርታ መጀመሪያ ሲያዩት የተዘበራረቀ የክር ልቃቂት ይመስላል። ተረጋጉ። የሚበዛው አረንጓዴ መስመር ነው፤ አረንጓዴው መስመር ደግሞ የስኪ መንገድ ነው። በእግር ኦሪየንቲሪንግ የለመዳችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ እዚያ አረንጓዴ ማለት ጥቅጥቅ ያለ፣ የማያስኬድ ጫካ ነበር። በስኪ ካርታ ትርጉሙ ተገለበጠ ማለት ነው።

ወፍራምና ያልተቆራረጠ አረንጓዴ መስመር ሰፊና ፈጣን መንገድ ነው። ቀጠን ሲል መንገዱም ይጠብባል። ቁርጥርጥ መስመር ከሆነ ጠባብና ዘገምተኛ ነው፤ ስኬቲንግ ለመሄድ እግር መክፈቻ ቦታ ላይኖር ይችላል። ቡናማ መስመሮች ከፍታን ያሳያሉ። ሰማያዊ ውሃ ነው። ቢጫ ክፍት ሜዳ ነው። ጥቁር ሕንፃ፣ ቋጥኝ፣ አጥርና የመሳሰለው ነው። ኮርሱ በወይን ጠጅ ቀለም ይታተማል፦ ሦስት ማዕዘኑ መነሻ፣ ክቦቹ ጣቢያዎች፣ ድርብ ክቡ መድረሻ። አዘጋጁ በማዕከሉ ተራ ካርታ ላይ ከሠራው ግን ቀለሞቹ ሌላ ሊሆኑ ስለሚችሉ የምልክት መፍቻውን እዩ።

ቀጥሎ ስኬሉን። ብዙ ጊዜ ከ1:5,000 እስከ 1:15,000 ባለው ውስጥ ነው። 1:10,000 ከሆነ ካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 100 ሜትር ነው። በከፍታ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነትም ተጽፏል፤ 5 ሜትር የተለመደ ነው። መስመሮቹ ከተጠጋጉ ዳገቱ ይበረታል።

የሰሜኑ ነገር የሚያስደስት ነው። የኦሪየንቲሪንግ ካርታ የሚሠራው በማግኔት ሰሜን ስለሆነ የኮምፓሱ መርፌና የካርታው የሰሜን መስመሮች በቀጥታ ይገጥማሉ፤ መደመር መቀነስ የለም። የማዕከሉ ተራ ካርታ ግን እንዲህ ላይሆን ይችላል። አንዳንዱማ ለወረቀቱ ቅርፅ ሲባል ተጣሞ የተቀመጠ ነው። የሰሜን ቀስቱን ፈልጉ።

አሁን እርሳስ አንሱና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ጣቢያዎች መንገድ ወስኑ። ከዚያ በላይ አትሂዱ። መነሻው ላይ ሰው ይቸኩላል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ቀድሞ ቢያልቅ ጥሩ ነው። የቀረውን እዚያው ትሠሩታላችሁ።

5. መነሻው ላይ

ካርታውን አዙሩት። ሰሜኑ ኮምፓሱ ከሚያሳየው ሰሜን ጋር ይግጠም። ይሄ ማለት የምትሄዱበት አቅጣጫ ካርታው ላይ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ከእናንተ ወደ ፊት ይሆናል፤ ጽሑፉ ተገልብጦ ሊታይ ይችላል፣ አያሳስባችሁ። በዞራችሁ ቁጥር ካርታውንም ታዞሩታላችሁ። ሰሌዳው የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። ካርታ ሳያዞሩ በጭንቅላት ማገላበጥ ይቻላል የሚል ሰው አይጠፋም። ሜዳ ላይ ቆሞ ይቻል ይሆናል። ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ግን ግራና ቀኝ ይጠፋል።

ከዚያ በዙሪያችሁ ያለውን ከካርታው ጋር አስተያዩ። ሕንፃው በግራ ነው? መንገዱ ከየት ይነሳል? ይሄ ከገጠመ ሰዓቱን አስጀምሩና ሂዱ፤ የመጀመሪያዎቹን 300 ሜትር በዝግታ።

6. መጋጠሚያዎቹ

ስፖርቱ ያለው እዚህ ነው። በእግር ኦሪየንቲሪንግ ጫካውን ሰንጥቆ መሄድና የተደበቀ ምልክት ማግኘት ነው ትልቁ ፈተና። በስኪ ምልክቱ መንገድ ዳር ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። ፈተናው ወደዚያ የሚወስደውን መታጠፊያ አለማለፍ ነው። እርምጃ መቁጠርም አይቻልም፤ አንድ ግፊት አንዴ 2 ሜትር ያንሸራትታል፣ አንዴ 10 ሜትር። ስለዚህ የምትቆጥሩት መጋጠሚያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአንዱ መጋጠሚያ ሳትነሱ የሚቀጥሉትን ሁለት ወይም ሦስት ተግባራት በቃል ያዙ። ጮክ ብላችሁ ብትሉት የተሻለ፦ «በግራ የሚገባውን አንድ መንገድ አልፋለሁ፣ ድልድይ እሻገራለሁ፣ ከድልድዩ ቀጥሎ ወደ ቀኝ።» ከሦስት በላይ አትጫኑ፤ አራተኛው ሲገባ የመጀመሪያው ይወጣል። ሦስቱን ስትጨርሱ እንደገና ካርታውን እዩ፣ እንደገና ሦስት።

አንድ መጋጠሚያ ላይ ስትደርሱ ሦስት ነገር ትጠይቃላችሁ። ቅርፁ ካርታው ላይ እንዳለው ነው? ማለትም ሁለት መንገድ ነው የሚገናኘው ወይስ ሦስት፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው ወይስ ተጋድሞ? ከፊቱ ሊኖር የሚገባውን አልፌያለሁ? ኮምፓሱስ ይስማማል? ተቀራራቢ አቅጣጫ ያላቸው ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን የሚነሱበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ዓይን ይታለላል፤ መርፌው ግን ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል። ታጥፋችሁ 50 ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ አንዴ ኮምፓሱን አየት አድርጉ። መንገዱ ወደ ምሥራቅ መሄድ ሲገባው ወደ ደቡብ እየዞረ ከሆነ ስህተቱ ገና ትኩስ ነው፤ መመለሱ ቀላል ነው።

በረዶ ላይ ካርታው የማያውቀው መንገድም ይኖራል። ትናንት አንድ ሰው በበረዶ ጫማ ሄዶ የፈጠረው ዱካ አለ። የእንስሳ ዱካ አለ። ካርታው ላይ ያለ ግን በአዲስ በረዶ የተዳፈነ ጠባብ መንገድም አለ። ስትቆጥሩ እነዚህ ሒሳቡን ያበላሹታል። ስለዚህ ቁጥርን ብቻውን አትመኑ። በማሽን የተስተካከሉትን ቁጠሩ፣ ከዚያ በኮምፓስ ወይም በመሬቱ ቅርፅ አረጋግጡ። ዳገት አልቆ መውረድ የጀመረበት ቦታ፣ ድልድይ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከጫካ ወደ ሜዳ የሚወጣበት ጠርዝ፤ እነዚህ በረዶ አይሸፍናቸውም።

ከሁሉም የከፋው ቁልቁለት ሥር ያለ መጋጠሚያ ነው። ከላይ ስትነሱ ወዴት እንደምትታጠፉ ካላወቃችሁ፣ ሥሩ ላይ ስትደርሱ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ፍጥነቱ ወደፈቀደው ትሄዳላችሁ። ከዚያ ያንን ዳገት መልሶ መውጣት ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ቁልቁለት አናት ላይ ቁሙ፣ ሥሩ ላይ ያለውን መታጠፊያ አንብቡ፣ ከዚያ ውረዱ። ቁልቁለት ላይ ካርታ አይታይም፣ ዓይን ወደ ፊት ብቻ።

ታዲያ መቼ ነው የሚነበበው? ሜዳ ላይ በሁለቱም ዱላ ገፍታችሁ ስትንሸራተቱ ሁለት ሰከንድ አላችሁ። ዳገት ላይ ፍጥነታችሁ ዝቅ ስለሚል ጥሩ የማንበቢያ ቦታ ነው። የመጀመሪያ ቀን ግን ቆማችሁ አንብቡ፣ ምንም አታፍሩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ፤ አሥር ሰከንድ ቆሞ ያነበበ ሰው ሳያነብ ያለፈውን ይቀድመዋል።

7. የትኛው መንገድ ይሻላል?

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ስኬሉ 1:10,000 ነው እንበል። ከጣቢያ 3 ወደ 4 ልትሄዱ ነው። በመሃል ኮረብታ አለ።

አንዱ መንገድ ኮረብታውን ይሻገራል። በማስመሪያ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 800 ሜትር ነው። ወደ ላይ 8 የከፍታ መስመሮች ይቆርጣል፤ 40 ሜትር መውጣት ነው። መንገዱ ቁርጥርጥ ነው፣ አራት መጋጠሚያ አለበት። ሌላው ወንዙን ይዞ ኮረብታውን ይዞራል። 13 ሴንቲ ሜትር፣ 1,300 ሜትር ነው። አንድ የከፍታ መስመር ብቻ ይቆርጣል፣ 5 ሜትር። ወፍራም መስመር ነው፣ ሁለት መጋጠሚያ አለው።

በእግር ኦሪየንቲሪንግ የተለመደ ግምት አለ፤ 1 ሜትር መውጣት 10 ሜትር ሜዳ እንደመሄድ ይቆጠራል። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው 800 ሲደመር 400፣ 1,200 ይሆናል። ሁለተኛው 1,300 ሲደመር 50፣ 1,350። በወረቀት ላይ ኮረብታው አሸነፈ። እኔ ግን ያለ ማመንታት በወንዙ በኩል ነው የምሄደው። ጠባብ መንገድ ላይ ዳገት መውጣት ከሜዳው የበለጠ ይጎትታል። ከኮረብታው ማዶ ያለውን ቁልቁለትም ጠባብ ስለሆነ ፍሬን እየያዛችሁ ነው የምትወርዱት፤ ለመውጣት የከፈላችሁትን አይመልስላችሁም። አራት መጋጠሚያ ደግሞ አራት የመሳሳቻ ዕድል ነው። በሰፊው መንገድ ስትሄዱ በተጨማሪ ለጣቢያ 5 የሚሆነውን መንገድ እየተንሸራተታችሁ ታነባላችሁ።

ሁልጊዜ ዙሩ ያሸንፋል ማለቴ አይደለም። ዙሩ ከእጥፍ በላይ ከረዘመ፣ ወይም እናንተ በክላሲክ ስኪ ሆናችሁ ጠባቡ መንገድ ጥሩ ዱካ ካለው፣ ሚዛኑ ይዞራል። ጫካውን ሰብሮ መግባት ግን ለጀማሪ አይመከርም። ካርታው ላይ 50 ሜትር የሚመስለው ለስላሳ በረዶ ውስጥ እስከ ጉልበት ሰጥሞ ብዙ ደቂቃ ይበላል፣ ከበረዶው ሥር ያለው ጉቶና ቋጥኝም አይታይም። በረዷማ ሐይቅ ላይም ማዕከሉ የከፈተው መንገድ ከሌለ አትግቡ፤ አቋራጭ መስሎ ስለታየ ብቻ ቀጥ ብሎ መሻገር ሕይወት ያስከፍላል።

በነጥብ የሚኬድ ኮርስ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ትልቅ ዙር በእርሳስ ሥሩ። ለመድረሻው ቅርብ የሆኑ ጥቂት ጣቢያዎችን ለመጨረሻ አስቀሩ። ሰዓት ከተረፋችሁ ትለቅሟቸዋላችሁ፣ ካልተረፋችሁ ሳትጸጸቱ ትተዋቸዋላችሁ። ሰዓቱ ሲጋመስ የት እንዳላችሁ እዩ፤ ገና እየራቃችሁ ከሆነ ዙሩን አሳጥሩ።

8. ጣቢያው ላይ

ኮዱን ከወረቀታችሁ ጋር አመሳክሩ። አንድ ማዕከል ውስጥ ቀላልና ከባድ ኮርስ በአንድ ላይ ሊኖር ስለሚችል ያገኛችሁት ምልክት የሌላው ሊሆን ይችላል። ስልክ ከሆነ ድምፁን እስክትሰሙ ጠብቁ። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ወይም ሸለቆ ውስጥ ጂፒኤስ ይዘገያል፤ ካልጮኸ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ በሉ። እምቢ ካለ ፎቶ አንሱና ቀጥሉ። የሚያስቆጭ ነው፣ ግን ብርድ ላይ ቆሞ ከስልክ ጋር መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም።

ጥሩ ልማድ አንድ ልንገራችሁ። ወደ ጣቢያው ሳትደርሱ ከጣቢያው በየት እንደምትወጡ ወስኑ። ያኔ ጣቢያው ላይ የምትቆሙት ለመመዝገብ ብቻ ይሆናል።

9. ስትጠፉ

ትጠፋላችሁ። ሁሉም ይጠፋል። የመጀመሪያው ነገር መቆም ነው፤ ወደ ፊት ብሄድ ይገለጥልኛል የሚለው ስሜት ነገሩን ያባብሰዋል። ካርታውን በኮምፓስ አዙሩ። እርግጠኛ የነበራችሁበት የመጨረሻ ቦታ የት ነው? ከዚያ ወዲህ ምን አለፋችሁ፣ ዳገት ነው ቁልቁለት፣ ስንት መታጠፊያ? አንድ ደቂቃ አስባችሁ መልስ ካጣችሁ ወደዚያ የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ። ዱካችሁ ከፊታችሁ ነው። ማዕከላት ብዙ ጊዜ መጋጠሚያ ላይ ቁጥር ወይም ካርታ ይሰቅላሉ፤ እሱን ማየት ማጭበርበር አይደለም።

ስልክ ላይ ያላችሁበትን ቦታ ማየትስ? በራሳችሁ ጊዜ፣ በራሳችሁ ኮርስ ነው። መጀመሪያ በካርታው ሞክሩ። ጀምበር እያዘቀዘቀች ወይም እየበረዳችሁ ከሆነ ግን ሳታቅማሙ እዩት።

ብርዱን አትናቁት። አፍንጫ፣ ጉንጭ ወይም ጆሮ ላይ ነጣ ያለና የደነዘዘ ቦታ ካያችሁ ብርዱ ሥጋችሁን እየጎዳው ነው። በባዶ መዳፍ ሸፍናችሁ አሙቁት፤ በበረዶ ማሸት የቆየ ስህተት ነው። እርስ በርስ ፊት ለፊት መተያየት ልማድ ይሁን፣ ሰው የራሱን አፍንጫ አያይም። የሚንቀጠቀጥ፣ አፉ የሚተሳሰር፣ ቀላል መጋጠሚያ ማንበብ ያቃተው ጓደኛ ካላችሁ ኮርሱ እዚያ ላይ አብቅቷል። ደረቅ ልብስ አልብሱት፣ ትኩስ ነገር አጠጡት፣ በአጭሩ መንገድ መልሱት። የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ አውሮፓ ውስጥ 112፣ አሜሪካና ካናዳ 911 ነው።

ለዚህ ነው ከመሄዳችሁ በፊት ለአንድ ሰው የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ መንገር ያለባችሁ። በራስ የሚመራ ኮርስ ላይ መድረሻው ጋ ስም የሚቆጥር አዘጋጅ የለም።

10. ከሌሎች ጋር

መንገዱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ካርታ ልታነቡ ስትቆሙ ሙሉ በሙሉ ወደ ዳር ውጡ፣ ስኪውን ጭምር። መጋጠሚያ መሃል፣ መታጠፊያ ላይና ቁልቁለት ሥር አትቁሙ። ለሚወርድ ሰው ቅድሚያ ስጡ። በስኬቲንግ ስትሄዱ በጠርዙ ላይ የተቆፈሩትን ሁለት የክላሲክ ዱካዎች አትርገጡ፤ የሌላውን ሰው መንገድ ታፈርሳላችሁ። ከወደቃችሁ ጉድጓዱን ደልድላችሁ ሂዱ።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ካርታውን ለልጁ ስጡት። እናንተ ከኋላ ተከተሉ፣ ስትጠየቁ ብቻ መልሱ። አዋቂው ካርታውን ከያዘው ልጁ ከሁለተኛው ጣቢያ በኋላ በረዶ መብላት ይጀምራል።

11. ከጨረሳችሁ በኋላ

መጀመሪያ ደረቅ ልብስ፣ ከዚያ ለዚያ ለነገራችሁት ሰው ስልክ። መልስ ወረቀት ካለ አስገቡ፤ መተግበሪያ ከሆነ ውጤታችሁን ላኩ። ማታ ላይ ካርታውን ዘርግታችሁ በእውነት የሄዳችሁበትን በሌላ ቀለም ሥሩ። ጂፒኤስ ከያዛችሁ ዱካው ራሱ ይናገራል፤ የት እንደቆማችሁ፣ የትኛውን መታጠፊያ አልፋችሁ እንደተመለሳችሁ ይታያል። አብሯችሁ የሄደ ሰው ሌላ መንገድ መርጦ ከሆነ የአንዱን ጣቢያ ጊዜ ከሌላው ጋር አወዳድሩ። ዙሩ ወይስ ኮረብታው የሚለው ክርክር ማብቂያው እዚያ ነው፣ ወይም መጀመሪያው።

የወደቀ፣ የተቀደደ ወይም የጠፋ ምልክት ካገኛችሁ ቁጥሩን ለአዘጋጆቹ ንገሩ። ምልክቶቹን ግን አታንሱ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ሰው አለ።